ከእጅ አንጓ ስብራት በኋላ ወደ ስፌት መኪና መመለስ፦ ከአቡጀዲ መስመር እስከ ድርብ አልጋ ልብስ

የእጅ አንጓ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው በመውደቅ ነው። ሰው ሲወድቅ ሳያስበው መዳፉን ይዘረጋል፤ የአካሉ ክብደት በሙሉ በአውራ ጣት በኩል ባለው የክንድ አጥንት ጫፍ ላይ ያርፋል። ጀሶ ከታሰረ ብዙውን ጊዜ ወደ 6 ሳምንት ገደማ ቆይቶ ይፈታል። በዚያ ቀን ግን አጥንቱ ገና ሥራውን አልጨረሰም፤ ወደ ቀድሞ ጥንካሬው ለመመለስ ተጨማሪ ወራት ይፈልጋል። ጡንቻው ከስቷል፣ መገጣጠሚያው ደርቋል፣ ጣቶቹም አንድ ላይ መታጠፍን ረስተዋል።

ስፌት ለሚወድም ሆነ በስፌት ለሚተዳደር ሰው ከሁሉም የሚከብደው ይህ ጊዜ ነው። እጁ ከጀሶ ወጥቷል፣ መኪናው እዚያው ቆሟል፣ ያልተጨረሰው ሥራ ተከምሮ ይጠብቃል። ብዙዎች በማግስቱ ተቀምጠው እንደ ድሮው ይሰፋሉ፤ ማታ እጃቸው ያብጣል፤ ከዚያ ፈርተው ለወራት ይተዉታል። ሁለቱም መንገድ ይጎዳል።

ለስፌት መኪና የሚያስፈልገው የእጅ ጉልበት ከሚገመተው በታች ነው። ጨርቁን የሚስቡት ከመርፌው ሥር ያሉት ጥርሶች ናቸው፤ እጅ የሚሠራው አቅጣጫ መስጠት ብቻ ነው። እጅን የሚያደክሙት የጨርቁ ክብደት፣ መቀሱ፣ ካውያውና እረፍት የሌለው አቀማመጥ ናቸው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ሁለት ነገር ላይ ያርፋል፦ ክብደቱን ከእጅ ላይ ማውረድ፣ ሥራውንም በተጨረሰ ልብስ ሳይሆን በደቂቃ መለካት።

ሐኪምዎን ምን ይጠይቁ?

"ልብስ ሰፊ ነኝ" ብሎ መናገር ለሐኪሙ ብዙ አይነግረውም። መቀስ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚጨብጡ፣ የከሰል ካውያ ያነሱ እንደሆነ፣ መኪናዎ በእግር የሚሠራ ወይም ባለሞተር መሆኑን፣ የተጎዳው እጅ በመኪናው ቀኝ ጫፍ ያለውን መዘውር የሚያዞረው መሆን አለመሆኑን ይንገሩት። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ያቅርቡ። አጥንቱ መግጠሙ በራጅ ታይቷል? እስከ ስንት ኪሎ ማንሳት እችላለሁ? በምሰፋበት ጊዜ የእጅ መደገፊያውን ላውልቀው ወይስ ልልበሰው? መልሶቹን ይጻፏቸው፤ በዚህ ጽሑፍ ከተባለው ጋር ከተጋጩ የሐኪሙን ይውሰዱ።

ወደ ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም በእንቅስቃሴ ወደሚያክመው ክፍል እንዲልክዎትም ይጠይቁ። በኢትዮጵያ ትልልቆቹ ሪፈራል ሆስፒታሎች ክፍሉ አላቸው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ባለሙያዎቹን ያሠለጥናል። ጥቂት ቀጠሮ ብቻ ቢያገኙ እንኳ ትክክለኛውን እንቅስቃሴ በዓይን አይቶ መማር ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ወጌሻ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ለብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያው አማራጭ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን በጣም ጠብቆ የታሰረ መቃ ደም አግዶ እጅን እስከ ማስቆረጥ ያደረሰባቸው ሕሙማን በአገራችን ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ ታይተዋል። ጣቶቹ ከጠቆሩ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ይፈታ፤ ለነገ አይባልም። ጀሶ የተፈታለትን እጅም በኃይል የሚያሽ፣ የሚጎትትና "የሚያስገባ" ሰው ጋር አይሂዱ።

ይህ መመሪያ ለአንጓ ስብራት የተጻፈ ነው። ጅማትዎ ተቆርጦ ከተሰፋ ሕጉ ሌላ ነው፤ የተሰፋ ጅማት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀላሉ ሊበጠስ ስለሚችል፣ በኃይል መጨበጥ ብዙውን ጊዜ እስከ 12 ሳምንት ድረስ ይከለከላል። ቀዶ ሐኪሙ ሳይፈቅድ መኪናው ላይ አይቀመጡ።

እነዚህ ደግሞ ስፌቱን አቁመው ወደ ሕክምና የሚያስኬዱ ምልክቶች ናቸው። ከጉዳቱ ጋር የማይመጣጠን የሚያቃጥል ሕመም፣ ከቆዳ ቀለምና ሙቀት መለዋወጥ ወይም ከላብ ጋር ሲመጣ። የአውራ ጣት፣ የሌባ ጣትና የመሃል ጣት መደንዘዝ፣ በተለይ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፦ ስብራቱ ከዳነ ከሳምንታት በኋላ አውራ ጣት በድንገት ወደ ላይ አልነሳ ሊል ይችላል። መዳፍዎን ጠረጴዛ ላይ አንጥፈው አውራ ጣትዎን ብቻ ያንሱ፤ ትናንት ተነሥቶ ዛሬ እምቢ ካለ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል።

ዕድሜዎ ከ50 በላይ ሆኖ፣ ከቆሙበት ወድቀው ብቻ አንጓዎ ተሰብሮ ከሆነ፣ የአጥንት መሳሳት ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ። በተለይ እናቶች ይህን ጥያቄ አይለፉት።

ጣቶቹን መፍታት

እንቅስቃሴው የሚጀመረው ሐኪሙ በፈቀደ ቀን ነው። እጅዎን ለ10 ደቂቃ ያህል ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ያቆዩ፤ ከዚያ ጣቶቹን ሙሉ በሙሉ ይዘርጉ። ቀጥሎ የላይኞቹን ሁለት አንጓዎች ብቻ አጥፈው እንደ መንጠቆ ያድርጓቸው። እንደገና ዘርግተው ሙሉ ጭብጥ ያድርጉ። በመጨረሻ ጣቶቹ ቀጥ እንዳሉ ከመዳፍ ጋር በሚገናኙበት ብቻ ይታጠፉ። በእያንዳንዱ ላይ ጥቂት ሰከንድ ይቆዩ፤ ዙሩን 10 ጊዜ ይድገሙ፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ማንም ሰው ጣትዎን በጉልበት እንዲያጥፍልዎ አይፍቀዱ።

ለአንጓው፣ ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው እጅዎ ከጠርዙ ውጭ ይሁን፤ ቀስ ብለው ያንሱ፣ ያውርዱ። ለመዞሩ ደግሞ ክርንዎን ከጎድንዎ ጋር አጣብቀው እርሳስ ይጨብጡና እርሳሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያጋድሙ። ክርኑ ከጎድን ከተለየ የሚዞረው ትከሻ ነው፤ አንጓው ምንም አልሠራም። ጥንካሬ ማምጣት የሚቻልበት ጊዜ ሲደርስ ሊጥ ይበቃል። እጅዎን የሚሞላ ሊጥ ይዘው መጭመቅ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መቆንጠጥ።

ወደ መኪናው ከመሄድዎ በፊት የምመክረው ፈተና ይህ ነው። በአንድ ሳሕን ላይ የልብስ ቁልፎችና ሳንቲሞች ይደባልቁ፤ ዓይንዎን ጨፍነው በተጎዳው እጅ አንድ በአንድ እያነሱ ይለዩ። ጣትዎ ቁልፉን ከሳንቲም ካልለየ መርፌው ሲቀርበውም አያውቅም፤ ስለዚህ ስፌቱ ይቆይ። ግማሽ ሊትር ውኃ የሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስ ያለ ሕመም ማንሳትም መቻል አለብዎት።

መኪናው ለእጅዎ ይዘጋጅ

ለሳምንታት የቆመ መኪና ይደርቃል፤ የደረቀ መኪና መዘውሩ ይከብዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ጽዳት ነው፤ ቢቻል ሌላ ሰው ይሥራው። ከጥርሶቹ ሥርና ከቦቢን (የሥረኛው ክር መጠቅለያ) ማስቀመጫው ውስጥ የተጠራቀመውን ብናኝ በብሩሽ ያውጡ፤ በየዘይት ቀዳዳው አንድ ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ያድርጉ፤ ያለ ክር ያንቀሳቅሱት። በእግር በሚሠራው መኪና ላይ ቺንጊያው ከልክ በላይ ተወጥሮ ከሆነ መዘውሩን ያከብደዋል። ንጹሕና ዘይት የጠጣ መኪና በሁለት ጣት ይዞራል።

በእግር የሚሠሩት፣ ጥቁሩ ሲንጀርም ሆነ የቻይናው ቢራቢሮ፣ ለተሐድሶ ጊዜ ጥሩ ጎን አላቸው። ፍጥነቱን የሚወስነው እግርዎ ነው፤ ያለ እርስዎ ፈቃድ አይሮጡም። ችግሩ ማስነሻው ላይ ነው። ቀኝ እጅ መዘውሩን ወደ ራስ እየሳበ ማስነሳት አለበት፤ በተሳሳተ አቅጣጫ ከዞረ ክሩ ይተበተባል። ጉዳትዎ በቀኝ ከሆነ መዘውሩን በመዳፍ አይግፉት፤ አንጓው ወደ ኋላ ታጥፎ ጫናውን ሁሉ ይሸከማልና። ጣቶችዎን ከላይ አሳርፈው፣ አንጓውን ቀጥ አድርገው፣ ክንድዎን ከትከሻዎ ይሳቡ። ከዚህ የተሻለው በእግር ብቻ ማስነሳትን መልመድ ነው። የመርገጫው ክንድ ከላይኛው ነጥብ ጥቂት አልፎ እንዲቆም ካደረጉ፣ አንድ ርግጫ ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ያስነሳዋል። ክሩን አውጥተው ይለማመዱት።

ጉዳቱ በግራ እጅ ከሆነ መዘውሩ አያስጨንቅም፤ ነገር ግን ጨርቁን አስተካክሎ የሚያስገባው በአብዛኛው ግራ እጅ ስለሆነ ክብደት የሚያርፈው እዚያ ነው። ለግራ ጉዳት ጠረጴዛው ከሁሉ ይቀድማል፤ ከታች እመለስበታለሁ።

የቤት ባለሞተር መኪና ፍጥነት መገደቢያ ካለው ዝቅተኛው ላይ ያድርጉት። ከሌለው የእግር መርገጫው እስከ ታች እንዳይወርድ ከሥሩ ትንሽ የቡሽ ቁራጭ ማስገባት ይቻላል። የፋብሪካ መኪና ግን ሌላ ነገር ነው። እንደ ጁኪ ያሉት በደቂቃ ከ4,000 በላይ ስፌት መምታት ይችላሉ፤ የድሮው ዓይነት ሞተር ደግሞ በእግር ጥቂት ሲነካ ይፈተለካል። በሐዋሳም ሆነ በሌላ የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ከሆነ፣ ፍጥነቱ በቁልፍ የሚቀነስ አዲሱ ዓይነት ሞተር ያለበት መኪና ላይ እንዲመድቡዎት ተቆጣጣሪዎን ይጠይቁ። እነዚህ መኪኖች ጨርቁን የሚጫነውን እግር የሚያነሣ፣ ተቀምጠው በጉልበትዎ ጎን የሚገፉት ማንሻም አላቸው፤ በተመለሱበት ወር እጅዎ ወደዚያ እንዳይሄድ በእሱ ብቻ ይጠቀሙ።

ወንበሩን ከፍ ያድርጉ። ክርንዎ ወደ 90 ዲግሪ ታጥፎ ክንድዎ ከመኪናው ወለል ጋር እኩል መሆን አለበት። መኪናው ጠረጴዛ ላይ እንዲሁ የተቀመጠ ከሆነ ወለሉ ከጠረጴዛው ብዙ ከፍ ስለሚል አንጓዎ ወደ ላይ ይታጠፋል። ከሥርዎ ትራስ፣ ከእግርዎ ሥር ጣውላ አድርገው ያስተካክሉ።

በመኪናው ላይ የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ከደብተር ላይ መስመር ያለው ወረቀት ይቅደዱ። አሮጌ መርፌ ይግጠሙ፤ ወረቀት መርፌ ያደንዛል። ያለ ክር፣ በቀስታ፣ መስመሩን ተከትለው ይስፉ። ወረቀት ክብደት የለውም፤ ስለዚህ እጅዎ ምን እንደሚያደርግ በግልጽ ያሳይዎታል። መስመሩን ሲስቱ ጣትዎ ስለጫነ ወይም ስለጎተተ ይሆናል።

ከወረቀቱ በኋላ አቡጀዲ። በሁለት መዳፍ ስፋት ቁራጭ ላይ በጠመኔ መስመር አስምረው ይስፉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይፈትኑ፦ ስፌቱ እየሄደ ሳለ የተጎዳውን እጅ ለሦስት ለአራት ስፌት ያህል ከጨርቁ ላይ ሙሉ በሙሉ ያንሱ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ከቀጠለ ያን ያህል ሲጫኑ የነበረው በከንቱ ነበር ማለት ነው። ብዙ ልምድ ያላቸው ሰፊዎች እንኳ ከኋላ በኩል ጨርቁን የመጎተት ልማድ አላቸው። ይህ መርፌ ያጣምማል፤ አንጓንም ያቆስላል። ጥርሶቹ ሥራቸውን ይሥሩ።

ጣት ወደ መርፌው መቅረብ በሚኖርበት ቦታ፣ ለምሳሌ ጠርዝ ሲታጠፍ፣ ጫፏ የዶለዶመ ወስፌ ይጠቀሙ። ሰፌድ የሚሰፋባት ወስፌ ለዚህ ትመቻለች። እጥፋቱን በጫፏ ይዘው እስከ መርፌው ድረስ ይሸኙት፤ የደነዘዘ ጣት ከአደጋ ይርቃል። መርፌ ጣት ውስጥ ከገባ ቁራጩ አለመቅረቱን፣ የቴታነስ ክትባትዎም ጊዜው አለማለፉን ያረጋግጡ። ጣቱ በሙሉ አብጦ፣ ወደ መታጠፍ ካዘነበለና ሲዘረጋ ክፉኛ ካመመ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።

ክር ማስገባት ብዙዎችን ያስለቅሳል። መርፌውን ወደ ላይኛው ነጥቡ ያንሱ፤ ከኋላው ነጭ ወረቀት ያድርጉ፤ የክሩን ጫፍ በሰያፍ ይቁረጡ። በሽቦ የተሠራችው ትንሿ ክር ማስገቢያ ርካሽ ናት፤ ትገዛ።

አሁን ስለ ሰዓት። 10 ደቂቃ ይስፉ፣ 10 ደቂቃ ይረፉ፣ እንደገና 10 ደቂቃ። የዚያን ቀን በዚህ ይበቃል። የስልክዎን ማንቂያ ይሙሉ፤ ስፌት ሰዓት ያስረሳልና። ማንቂያው ሲጮህ መስመሩ መሃል ላይ ቢሆኑም ይነሡ። በሥራው ላይ ቀላል ሕመም ሊኖር ይችላል፤ ሕመሙን ከ10 ቢለኩት 3 ያህል ከሆነና በአንድ ሰዓት ውስጥ ከረገበ ችግር የለውም። እውነተኛው መልስ ግን በማግስቱ ጠዋት ይመጣል። ከአልጋዎ እንደተነሡ ጭብጥ ያድርጉ። እንደ ትናንቱ ጠዋት ከዘጋ ልኩ ትክክል ነበር። ካበጠ ወይም ከደረቀ የዚያን ቀን አይስፉ፤ በቀጣዩ ቀን በግማሹ ይጀምሩ። በተከታታይ ሦስት ጠዋት ደህና ከሆነ ብቻ በእያንዳንዱ ዙር 5 ደቂቃ ይጨምሩ።

የቤት ሥራም በዚሁ ሂሳብ ውስጥ ይገባል። የታጠበ ልብስ መጭመቅ መጨበጥንና መጠምዘዝን አንድ ላይ ስለሚጠይቅ ከስፌት እጅግ ይከብዳል። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። ቡና መውቀጥም አንጓውን በየምቱ ይነርተዋል። ቤተሰቡ ይህን ይወቅ፤ "ለስፌት ደህና የሆነ እጅ ለልብስ አጠባም ደህና ነው" የሚለው ግምት ብዙ ሰው ወደ ኋላ መልሷል።

መቀስና ካውያ

ከመኪናው ይልቅ መቀሱ ዘግይቶ ይመለስ። የሰፊ ትልቁ መቀስ ከባድ ነው፤ የአውራ ጣትን ሥር በእያንዳንዱ ቁርጥ ይጫነዋል። መጀመሪያ ያስሉት፤ ብሎኑንም ጥቂት ያላሉት። የታችኛው ስለት ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ይንሸራተት፤ መቀሱን በአየር ላይ አይያዙት። አንድ ንብርብር ብቻ ይቁረጡ። ለቀኝ እጅ የተሠራ መቀስ በግራ መያዝ መፍትሔ አይደለም፤ ስለቶቹ ይከፋፈቱና ጨርቁን ያኝኩታል፣ እርስዎም እጥፍ ይጫናሉ። በዚህ ጊዜ ቆራጭ ይፈልጉ።

ከሰል ካውያ ለመጨረሻ ይቆይ። ትንንሽ ስፌቶችን በጥፍር ከመዳመጥ በማንኪያ ጀርባ ይዳምጡ።

ደንበኞችን በተመለከተ፣ ቀጠሮ ሲተላለፍ የሚታገሥ ሰው ጥቂት ነው። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ተብሎ ባደገ አገር፣ የበዓል ሰሞን እጅ እስኪድን ይጠብቀኛል ብሎ ማሰብ ከባድ ነው። ስለዚህ በመመለሻው ወራት የበዓል ልብስና የመስከረም ዩኒፎርም አይቀበሉ፤ ቀን የሌለው ሥራ፣ ትራስ ልብስና መጋረጃ ይቀበሉ። ቁረጣውንና ካውያውን ለረዳት ሰጥተው ስፌቱን ብቻ መያዝ፣ ገቢው ቢካፈልም፣ ከማቆም ይሻላል።

ድርብ አልጋ ልብስ

ከላይ ጨርቅ፣ ከመሃል ጥጥ ወይም ፋይበር፣ ከሥር ገበር ሆኖ በመኪና የሚሰፋው አልጋ ልብስ የእጅ ትልቁ ፈተና ነው። ከመርፌው ሥር ያለው ስፌት ቀላል ነው፤ ከጠረጴዛው ጠርዝ የተንጠለጠለው ግን ወደ ታች ይስባል፣ እጅም ሳያስበው ያን ክብደት ይጎትታል። ጠረጴዛ ያልኩት ለዚህ ነው። በመኪናው ግራና ከኋላው፣ ከመኪናው ወለል ጋር እኩል ቁመት ያለው ሌላ ጠረጴዛ ያስጠጉ። የጨርቁ አንድም ጫፍ በአየር ላይ አይንጠልጠል።

በ40 በ40 ሳንቲ ሜትር የትራስ ልብስ ይጀምሩ፤ ከዚያ የሕፃን ብርድ ልብስ። ትልቁን ሲሠሩ በሦስት ወይም በአራት ቁራጭ ለየብቻ ሰፍተው በመጨረሻ ማያያዝ ይቻላል፤ እጁ እስኪጠነክር ድረስ ሌላ መንገድ አልመክርም። ከጥጥ ይልቅ ፖሊስተር ፋይበር ይምረጡ። ይቀላል፤ ደግሞ ጥጥ እንዳይጓጉል መስመሮቹ መቀራረብ ሲኖርባቸው፣ ፋይበሩ አራርቀው ቢሰፉትም ይችላል። መስመር በቀነሰ ቁጥር የእጅ ሥራ ይቀንሳል።

ንብርብሮቹን በመርፌ ቁልፍ ሲያያይዙ መዝጋቱ አውራ ጣትን ያደክማል፤ የቁልፉን ጫፍ በማንኪያ አፍ አንሥተው ይዝጉት ወይም ለልጆች ይስጡ። 16 ቁጥር አዲስ መርፌ ይግጠሙ፤ የስፌቱን ርዝመት ወደ 3 ሚሊ ሜትር ከፍ ያድርጉ፤ የመጫኛውን እግር ጫና በብሎኑ ጥቂት ያላሉ። የላይኛውን ጨርቅም አብሮ የሚስብ እግር ካገኙ ገንዘቡ አይቆጭም። መዳፋቸው ላይ የጎማ ነጠብጣብ ያለባቸው ስስ የሥራ ጓንቶች ሳይጨብጡ ጨርቁን ለመምራት ይረዳሉ።

በመኪናው ክንድ ሥር የሚያልፈውን ክፍል ጠቅልለው አይጭበጡት፤ እንደ አኮርዲዮን አጣጥፈው ያስቀምጡ። ከመሃል ጀምረው ወደ ዳር፣ ቀጥ ባለ መስመር፣ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ይስፉ። ስፌትና ማንቀሳቀስ አይደባለቁ። የእጅ ስንዝር ያህል ይሰፋሉ፤ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደገባ ያቆማሉ፤ ሁለቱን ክንዶች ከክርን እስከ አንጓ ጨርቁ ላይ አሳርፈው ቀጣዩን እጥፋት ወደ ፊት ያመጣሉ፤ ጨርቁ ላልቶ መተኛቱን ያያሉ፤ ከዚያ እንደገና ይሰፋሉ። ሲጀመር ያዘገያል። መስመሩ ግን ያምራል፤ ጨርቁ ስለማይሳብ ከሥር ያለው ገበርም አይሸበሸብም።

ጥርሶቹን ዝቅ አድርጎ ጨርቁን በእጅ ብቻ እያዞሩ አበባና ሐረግ መሥራት የመጨረሻው ደረጃ ነው። እዚህ ጨርቁን የሚስብ የለም፤ እንቅስቃሴው ሁሉ የእጅ ነው። ሐኪሙ ማንኛውንም ሥራ ፈቅዶ፣ ትልቁን መቀስ ያለ ሕመም ከያዙ በኋላ ይጀምሩት። አንጓውን አግደው ከትከሻና ከክርን ያንቀሳቅሱ፤ ሐረጉም ከመዳፍ የማይበልጥ ይሁን፤ በየሐረጉ መጨረሻ መርፌውን አውርደው ያቁሙ፣ ጣቶችዎን ይዘርጉ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይለፉ።